የጓሮዋን ክፍል አትሽጣት

ለውድ አባቴ፣

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ፣ ደረጃ መውጣት አስቻለህ ወይስ አሁንም አጥሩን ተደግፈህ ነው የምትቆመው? የእማዬስ ደም ግፊት ተስተካከለላት? እህቴ ሚጣስ ትበላለች ወይስ ውጤቴ መጣ ብላ ከደስታዋ የተነሳ ምግብ ትታለች? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። አልከሳሁም፤ እማዬ ሳትጠይቅ ብዬ ነው የማስቀድመው።

ሚጣ የእኔኑ ትምህርት፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስን፣ ልትማር መሆኗን በስልክ ስትነግረኝ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ቀጥላ የነገረችኝ ግን ሳቄን አጠፋው። ልጅቷ የትምህርት ብድር እንዳትገባ ብለህ የጓሮዋን ክፍል ልትሸጥ ነው አሉ፤ ገዢውም በወሩ መጨረሻ ቀብድ ይዞ ይመጣል። አባዬ በሞቴ፣ ይህን ደብዳቤ አንብበህ ሳትጨርስ የማንንም ቀብድ እንዳትቀበል። አንተ ከእንግዲህ ለግንበኝነት ርብራብ ላይ አትወጣም፤ ጡረታችሁ ልብስ ሰፊዋ በየወሩ የምትከፍላችሁ የዚያች ክፍል ኪራይ ነው። ክፍሏ ከተሸጠች በምን ልትኖሩ ነው?

ዕዳ እንደምትጠላ መቼም ለኔ አይነገርም። የሰው አባት ስልክ ሲደውል "ደህና ነሽ?" ይላል፤ ያንተ ሰላምታ "ስንት ቀረሽ?" ነው። ዛሬ ሳትጠይቀኝ ልመልስልህ፤ ከብድሬ የቀረኝ ጥቂት ነው፣ በሚመጣው ዓመት ያልቃል። እስከዚህ ያደረሰኝን መንገድ ግን ክፉውንም ደጉንም ሳልደብቅ ልንገርህ፣ ሚጣም ሰምታ ትግባ።

የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር። ያገኘሁት ሥራ የፕሪንተር ቀለም መቀየርና የተነቀለ ገመድ መሰካት ነው፤ ደመወዙም ለስሙ ያህል ነበር። ከነርሷ ጓደኛዬ ጋር አንዲት ክፍል ተጋርተን እየኖርን እንኳ ወሩ ሳይጋመስ ኪሳችን ይራቆት ነበር። አብሮን የተማረ አንድ ልጅ እስካሁን በተማረው አልሠራም፤ ስልክ ይሸጣል፣ ብድሩንም ከዚያችው እየቆነጠረ ይከፍላል። ይህ ሊደርስባት እንደሚችል ማወቅ አለባት።

አሁን ግን ተመስገን ነው። እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ኮምፒዩተር ትጠግናለች" እያለች እኔን የሚጠብቅ የተበላሸ ሬዲዮ እንዳከማቸች አውቃለሁ። የምሠራው ሌላ ነው። መድኃኒት በሚያከፋፍለው ድርጅታችን ውስጥ ምን መድኃኒት በየትኛው መጋዘን እንዳለ፣ ቀኑ ሊያልፍ የተቃረበው የቱ እንደሆነ ሁሉም ሠራተኛ እኩል የሚያይበትን ሥርዓት ነው የምሠራው። ባለፈው ወር አንድ ሆስፒታል ኢንሱሊን አጥቶ ሲጨነቅ፣ ሌላው መጋዘን ውስጥ መኖሩን አይተን በዚያው ቀን ላክንለት። ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ደመወዜ አምስት ቦታ ቢከፈል አንዱ እጅ ለብድሩ ይሄዳል። አንተ ቅዳሜ ሒሳብ ስትቀበል አስቀድመህ ለሲሚንቶ አቡኪው ትሰጥ አልነበር? ይህም እንደዚያው ነው፤ ገና እጄ ሳይገባ ይቆረጣል፣ የተረፈው የኔ ነው። የተረፈውን ሳልማር አገኘው ከነበረው ጋር ሳስተያየው እጥፍ ነው። ብድሩ ወለድ አለው፣ አልክድህም። ቢሆንም ሥራ እስክትይዝ ክፈይ አይሏትም። ክፍሏ አንዴ ከተሸጠች ግን ማን ይመልሳታል?

ደግሞ ያንተ ልጅ መሆኔ ምን እንዳደረገኝ ልንገርህና ሳቅ። ከዕዳ ቶሎ ልገላገል ብዬ በየወሩ ከታዘዝኩት እጥፍ እከፍል ነበር። መሥሪያ ቤቱ ወጪውን በግማሽ ችሎ ሥልጠና ሊያስገባኝ ሲል፣ ሌላውን ግማሽ ከየት ላምጣ፣ ተውኩት። ሒሳብ ክፍል ያለችው ሴትዮ ነገሩን ስትሰማ መነጽሯን አውልቃ "ዕዳሽ አልቸኮለም፤ አንቺን ምን አስቸኮለሽ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ የታዘዝኩትን ብቻ እየከፈልኩ በዓመቱ ሥልጠናውን ገባሁ፤ ይህን ቦታ ያገኘሁት በሱ ነው። ዕዳ ለመክፈል ብሎ እንጀራውን የሚገፋ ሰው እኛ ቤት ካልሆነ የት ይገኛል?

አባዬ፣ አንድ ቀን ግን መቼም አይረሳኝም። ከሱቅ አንዲት ምስማር በዱቤ ወስደህ የማታውቀው ሰውዬ ካፖርትህን ለብሰህ ብድር ቢሮ ድረስ መጣህልኝ። ጸሐፊዋ ዋሷ ማነው ስትል "እኔ ነኝ" አልክ። ስትፈርም እጅህ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ጡብ ሲደረድር ዝንፍ የማይለው እጅህ። ከወጣን በኋላ እስከ ፌርማታው ድረስ ሸኘኸኝ። ከዚያ ሙዝ ገዛህልኝና "በርቺ" ብቻ ብለኸኝ ሄድክ። ዛሬ በልቼ የማድረው በዚያ ፊርማህ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜህን ያርዝምልኝ።

እንግዲህ ተራው የኔ ነው። ለሚጣ ዋስ የምሆናት እኔ ነኝ። ዋስ በአካል ይቅረብ ስላሉ ከአለቃዬ ፈቃድ ጠይቄ አግኝቻለሁ፤ በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ። ገዢው ከቀደመኝ ሻይ ጋብዘህ በሰላም ሸኘው።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ፣ ሬዲዮዎቹንም ለየባለቤቶቻቸው ትመልስ። ልብስ ሰፊዋን ከክፍሏ የሚያስወጣት የለም ብለህ አረጋጋልኝ። ያቺን በእጅህ ያቆምካትን ግድግዳ ስታልፍ ስለኔ መታ መታ አድርጋት። ሚጣን ደግሞ ስትፈርም እጇ እንዳይንቀጠቀጥ ንገራት። የኔ ሳይንቀጠቀጥ አይቀርም፤ ያንተው ልጅ ነኝ።

አክባሪ ልጅህ፣
ከመጋዘኑ በላይ ካለችው ቢሮ
ጥር 12 ቀን