ቀኙ የትኛው ነው

ሰኞ፣ ሰኔ 9

አሥራ ሁለት ሜትር። በፍሳሽ መግፊያ ጣቢያው ቫልቩን ዘግተን ሁለተኛውን ፓምፕ ስናስነሳ የግፊት መለኪያው ያሳየን ይህንን ነው። ፋብሪካው የፓምፑን አቅም ያሳየበት መስመር ግን በዚህ ቦታ ፍሳሹን ሃያ ሜትር ከፍታ መግፋት አለበት ይላል። ቫልቩን ከፍተን በጉድጓዱ ያለው ፍሳሽ የሚጎድልበትን ፍጥነት ስንለካም ከተጻፈው ግማሽ ያህል ሆነ። ኢንጂነር ጫልቱ ነጥቦቹን በፋብሪካው ወረቀት ላይ አሰፈረቻቸው፤ ሁሉም ከመስመሩ በታች ወደቁ።

የፓምፑ ሞተር ተቃጥሎ ሽቦው እንደ አዲስ ከተጠቀለለ በኋላ መልሰን የገጠምነው እኔና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሐጂ ሰይድ ነን። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ፍሳሹ ወደ ኋላ ተመልሶ ከጣቢያው አጠገብ በምትኖረው በወይዘሮ ዘነበች ግቢ ይወጣል። ዓርብ የጣቢያው ኮሚቴ ፓምፑ እንዲወገድ ሊፈርም ነው። ምትኩ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ክረምቱ ያልቃል፤ ያ ሰፈርም ክረምቱን በፍሳሽ ውስጥ ሊከርም ነው። እስከ ዓርብ ታገሡኝ አልኳቸው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ሲቸግራቸው የሚጠሩኝ እነርሱ ናቸውና ታገሡኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ፓምፑን ፈታነው። ፍሳሹን የሚገፋው መዘውር አልተበላም። ከመግቢያው የተቀደደ ነጠላና የሕፃን ዳይፐር ወጣ፤ በዚህ ደስ ብሎን መልሰን ገጠምነው። ያው አሥራ ሁለት ሜትር። መንቀጥቀጡንና ማጉረምረሙንም አልተወም።

ሐጂ ሰይድ፣ «መሪጌታ፣ ይህ ፓምፕ እንደ እናንተ ጾመ ሐዋርያትን ይዞ ይሆን?» አሉኝ። ማዕረጉ የለኝም፤ በልጅነቴ ድጓና ትርጓሜ መማሬን ስለሚያውቁ እንዲህ ይጠሩኛል። ጾመኛስ እንዲህ አያጉረመርምም አልኳቸው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

የመብራቱ ኃይል ደኅና ነው። ቧንቧው አልተዘጋም። አየር አይስብም። እንግዲህ ምን ቀረ?

ጫልቱ፣ «አባባ፣ መስመሩ አይዋሽም፤ ፓምፑ አርጅቷል» አለችኝ። በትሕትና ነው የተናገረችው፤ ሆኖም አልተቀበልኳትም። እርጅና ቀስ በቀስ ይጥላል እንጂ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል አይጥልም፤ ይህን ከራሴ ጉልበት አውቀዋለሁ።

ሲመሽ በወይዘሮ ዘነበች በኩል አለፍኩ። ግቢዋን በኖራ እያጠበች ነበር። ልጆቿን መልካሳ ከተማ ወዳለችው እኅቷ ልትልካቸው እንደ ሆነ ነገረችኝ። «እኔስ እቆያለሁ፤ ቤቱን ለማን ልተወው?» አለች። በጸሎቴ ስሟን አነሣሁ፤ ጸሎት ግን ከመፈለግ አያሳርፍም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12፣ ቅዱስ ሚካኤል

ታቦቱን አጅበን ቤተ ክርስቲያኑን ዞርን፤ እንደ ሥርዓታችን ፊታችንን ወደ መቅደሱ አድርገን በቀኝ ጀመርን። ጫልቱ ፕሮቴስታንት ናትና ከበሩ ውጭ ቆማ ጠበቀችኝ። «አካም ጅርቱ፣ አባባ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም ካለችኝ በኋላ ስብሰባው ነገ ረፋድ መሆኑን ነገረችኝ። ቀጥላም እንደ ዋዛ፣ «እናንተ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የምትዞሩት?» አለችኝ።

ወደ ቀኝ ነው እንጂ አልኳት።

«ሰዓት እኮ በወዲያ ነው የሚዞረው፣ አባባ» ብላ በጣቷ አየር ላይ አሳየችኝ።

ፓምፑ ትዝ አለኝ። የፋብሪካው መመሪያ፣ ሞተሩ ከላይ ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዙር ይላል። ያን «ወደ ቀኝ» ብዬ ለሐጂ ሰይድ የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ። በፓምፑ ላይ የመዞሪያውን አቅጣጫ ያሳይ የነበረው ቀስት በጸረ ዝገት ቀለም ተሸፍኗል። ወዲያው ደወልኩላቸው። ወደ የት አዞሩት? «እርስዎ እንዳሉኝ ወደ ቀኝ።» ቀኙ የትኛው ነው? «እንደ ጠዋፍ ነዋ፤ ካዕባን በግራ አድርጎ ወደ ቀኝ መሄድ። ሌላ ቀኝ አለ እንዴ?»

ስንገጥመው ከሞተሩ ፊት ቆመን ወደ ቀኛችን ሲዞር በዐይናችን አይተን፣ እኔ እንደ ዑደት፣ እርሳቸው እንደ ጠዋፍ ነው ብለን ተስማምተን ነበር። ሁለቱም ግን የሰዓት ተቃራኒ ናቸው፤ ፓምፑ እስካሁን ወደ ኋላ ሲዞር ኖሯል። በትርጓሜ ቤት፣ «አንድም» ሳይባል የታለፈ ቃል ዕዳ ነው እንባል ነበር። ወደ ቀኝ፤ አንድም እንደ ዑደት፣ አንድም እንደ ሰዓት።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ሐጂ ሰይድ በማለዳ መጥተው ሞተሩ በተቃራኒው እንዲዞር ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን አቀያየሩ። ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀባቸው። ፓምፑ ሲነሳ ማጉረምረሙ ጠፋ። ቫልቩ ተዘግቶ አሥራ ዘጠኝ ሜትር። ሐጂ ግንባራቸውን ጠርገው፣ «ሁለት ሽማግሌ በሃይማኖት ተስማምተን ፓምፕ አበላሸን» አሉ። ጫልቱ ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ እኔም አልቻልኩም።

አዲሶቹ ነጥቦች ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ብለው ተሰለፉ። ይህ ቅሪት እውነተኛው እርጅና ነው፤ ጫልቱ ያለችውም ከነጭራሹ ስሕተት አልነበረም። በስብሰባው ላይ ሁለቱንም ተናገርኩ፤ የትርጉሙን ስሕተትም አልሸሸግኩም። ሰብሳቢው ብዕሩን ዘጋና፣ ዝናብ ይፈትነው አለ። ውሳኔው በቀጠሮ አደረ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ከሰዓት በኋላ የዶፍ ዝናብ ወረደ። ጣቢያው ውስጥ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ጃንጥላ ይዤ ወደ ወይዘሮ ዘነበች ሄድኩ። የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን ከዝናቡ በቀር ሌላ እርጥበት የለበትም። ከሥሩ የሚወርድ የውኃ ድምፅ ይሰማል፤ ወደ ታች ብቻ።

በደጃፏ የደረደረችውን የአሸዋ ጆንያ እያሳየች፣ «ላንሳው፣ አባባ?» አለችኝ። ፓምፑ አሁንም ከመስመሩ ዝቅ ብሏልና ክረምቱ እስኪወጣ ይቆይ አልኳት። እሺ አለች። ከዚያ አንዱን ጆንያ ዝናብ ወደማይደርስበት ጎትታ ተቀመጠችበትና ስልኳን አወጣች። ወደ መልካሳ ነበር የደወለችው፤ ልጆቹ ነገ ይምጡ ስትል ሰማኋት።

አልከለከልኳትም።