ደብተር ላይ ያልተጻፈ ጉርሻ

ልጄ ኤራን፣ የአባቶቻችን አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፣ ማዕድህንም ይባርክልህ፤ ማዕድ የሚባል ነገር ካለህ ማለቴ ነው። እኛ እዚህ ሰፈራችን ቂርያት ሃዮቨል ሁላችንም ደህና ነን፤ የታመመው ሊፍቱ ብቻ ነው።

ከበርሊን በላክኸው ፎቶ ጉንጭህ ገብቷል። እህትህ እንደነገረችኝ በስልክህ ካሎሪ እየቆጠርክ ቀኑን ሙሉ በኪያርና በፖም ትውላለህ።

እኔም ክብደት ቀንሺ ተብዬ፣ የጤና መድናችን የኩፓት ሆሊም የምግብ ባለሙያ ሃጊት የምበላውን ሁሉ የምጽፍበት ደብተር ሰጥታኝ ነበር። በወሩ ስመዘን ሁለት ኪሎ ጨምሬ ቁጭ! «እማማ እናና፣ ያልጻፉት ምግብ አለ?» አለችኝ። «በእጄ የበላሁትን አንድም አላስቀረሁም» አልኳት፤ እውነቴን ነው። ጎረቤታችን ደስታነሽ ናት «አንድ ያጣላል» እያለች በየቀኑ ሦስት ሦስት ጊዜ የምታጎርሰኝ። የሷ እጅ እኔ ደብተር ላይ ምን ይሠራል?

ሃጊት ይህን ሰምታ ሳቋን ስትጨርስ «መጠኑን ይቀንሱ እንጂ ዓይነቱን አይቀንሱ» አለችኝ። ላንተም ይሁንህ። ምስር ብላ፣ እንቁላል አትርሳ፣ ብረቱ ከደምህ እንዲገባ ጎመኑ ላይ ሎሚ ጨምቅበት። ደም ያነሰው ሰው ሸንቃጣ ቢሆን ምን ይጠቅመዋል? ፀጉርህም መሳሳት ጀምሯል፤ በአባትህ አታሳብብ።

ጤና አይለይህ፣ ዕድሜህ ይርዘምልኝ፤ የምታጎርስህም አትጥፋብህ። እስካሁን ካልተገኘች ግን ለሲግድ በዓል ና። ጾሙ ሲፈታ እኔው አጎርስሃለሁ። ስልክህ «ምን በላህ?» ብሎ ከጠየቀህ፣ የእናቴ እጅ ነው በለው።

እናትህ እናና