ቁልፉን የቀረጽኩት እኔ ነበርኩ

ይድረስ ለማከብርዎ ወንድም ጋሼ፤ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ ተሻለዎት ወይ? ባለቤትዎስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ አለን፤ እማዬም ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ደኅና ናት። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ወሬው በሌላ ሰው አፍ ከሚደርስዎ ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

ባለፈው ሰኞ ሳምንት የጎረቤታችን የጡረተኛዋ አስተማሪ ቤት ተዘረፈ። በሩ አልተሰበረ፣ መስኮቱ አልተነካ። የዚያን በር ቁልፍ የቀረጽኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ። በማግስቱ ፖሊስ ሱቄ መጥቶ "ለራስሽ አንድ አስቀርተሻል?" ብሎ ጠየቀኝ።

ወንድም ጋሼ፣ እርስዎ የተዉልኝን ሞረድና ሞርሳ ማንም ገበያ ወጥቶ ይገዛዋል። ሰው የቤቱን ቁልፍ የሚሰጠኝ ግን ስሜን አምኖ ነበር። ትናንት "ሴት ናት፣ ቤቴን አምኜ እሰጣታለሁ" ይሉ የነበሩት፣ ዛሬ "ድሮስ ሴትን ከብረት ምን አገናኛት?" አሉ። አራት ቀን ሙሉ ደጄን የረገጠ የለም። ዳቦ ጋጋሪው እንኳ ያዘዘኝን ቁልፍ ሳይወስድ ሰላምታዬን በአገጩ መልሶልኝ አለፈ።

በአምስተኛው ቀን አላስቻለኝም። ፖሊሱን ይዤ አስተማሪዋ ዘንድ ሄድኩና "ሁላችሁም እያያችሁ መቆለፊያውን ልፍታው" አልኩ። ጎረቤቱ ግቢውን ሞላው። አንዱ ከኋላዬ "ማስረጃ ልታጠፋ ነው" ሲል ሰማሁ። ብሎኑ ሁለቴ ወደቀብኝ። እርስዎ "አትቸኩይ፣ ብረት ችኮላ አይወድም" ይሉኝ የነበረውን እያሰብኩ ከፈትኩት። ውስጡ የደረቀ ሳሙና አገኘሁ፤ የአስተማሪዋ ቁልፍ ጥርሶች መሐልም እንዲሁ። አንድ ሰው ቁልፉን ሳሙና ላይ ተጭኖ ቅርጹን ወስዷል ማለት ነው። "ቁልፉን በእጄ የሠራሁት እኔ ሳሙና ምን ያደርግልኛል?" አልኳቸው።

ፖሊሱ "ቁልፉን ለማን ሰጥተው ያውቃሉ?" ቢላቸው የአስተማሪዋ ፊት አመድ መሰለ። ቤት ሊቀባላቸው ለመጣው ለእህታቸው ባል ሁለት ቀን ትተውለት ኖሯል። ዕቃውም ከእሱ ቤት ተገኘ።

ነጻ ወጣሁ፤ ደንበኛ ግን በሄደበት ፍጥነት አይመለስም። ዳቦ ጋጋሪው እስካሁን በማዶ ነው የሚያልፈው። ትናንት አስተማሪዋ አዲስ መቆለፊያ አስገጠሙኝ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ሦስቱን ቁልፎች ስሰጣቸው ሁለቱን ቦርሳቸው ከተው አንዷን መለሱልኝ፤ "ይቺ አንቺ ዘንድ ትቀመጥ፣ የእኔ ብትጠፋ ከአንቺ እወስዳለሁ" አሉኝ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። ተቀበልኳቸው፤ ያቺ ትንሽ ብረት ግን እንዴት እንደከበደችኝ!

ባለቤትዎን እጅ ነሥታለች ይበሉልኝ። ትልቋን ልጅዎን፣ ያቺን ቀበጥ ታናሿንም ይሳሙልኝ። ለአማትዎም ጤና እመኛለሁ። እማዬ ጉንጭዎን ስማለች።

ታናሽ እህትዎ
ከሱቄ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ዝናቡ በገባ በሁለተኛው ሳምንት