እንጆሪ በጆንያ

የካ፣ ከእንጦጦ ሥር
ማክሰኞ፣ ግንቦት 7 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለጫልቱ፣

ገበየሁን ከስሼ ያሳሰርኩት እኔ እንደሆንኩ ድሬዳዋ ድረስ ተወርቶ ሰምተሻል። ሐሰት ነው። የማንንም ስም ለማንም አልሰጠሁም። ያሰረው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዱቤ ነው። ወሬውን ያደረሰልሽ ሰው ቢያንስ የከሳሹን ስም አጣርቶ መምጣት ነበረበት።

ደብዳቤሽን ሹፌሩ ነጅመዲን ትናንት ሰጥቶኛል። መልሱንም በእሱ እጅ ነው የምልከው፤ ለፖስታ ቤት የሚሰጥ አይደለም። አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥዪው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ዳገቱን እንደ ድሮው አይወጣልኝም፤ ነገር ግን እስካሁን ያለ መነጽር እጽፋለሁ።

መሥሪያ ቤትሽ እንጆሪ ለገበያ ሊያለማ ስላሰበ የዘንድሮውን ምርትና የወደፊቱን ገበያ እንድጽፍልሽ ጠይቀሻል። እመልሳለሁ።

በታኅሣሥ ውርጭ የመጀመሪያውን አበባ አቃጠለው። ከጥር ወዲህ ግን ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለነበር ተክሉ ካሰ። በሚያዝያ አጋማሽ አርባውም መደብ ቀላ። ከአርባው የእኔ ሦስቱ ብቻ እንደሆኑ ታውቂያለሽ። ሠላሳ ሰባቱን ማኅበሩ ከወሰደ አራት ዓመት ሆነው። ገመድ ይዞ የለካው ራሱ ገበየሁ ነው፤ የሠራተኛዬ የወልደሰንበት ልጅ፣ አንቺን በጀርባው አዝሎ ወንዝ ያሻግርሽ የነበረው። ያን ገመድ አልረሳሁለትም። መሬቱን ሦስት ዓመት አረም ዋጠው። ዘንድሮ ገበየሁ ኃላፊ ሆኖ አቀናው፤ ከፍሬው ሥር የገብስ ጭድ አነጠፈ፣ የሚሳበውን ሐረግ እየቆረጠ ጉልበቱን ለፍሬው አስቀረ። ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ሥራው ጥሩ ነበር ማለት እችላለሁ።

እሑድ ሚያዝያ 21 ቀን ዘመቻ ተብሎ ስድሳ ሰው እየዘፈነ ገባበት። ጤዛው ሳይደርቅ ለቀሙት። ጭራውን እየነቀሉ፣ የበሰለውን ካልበሰለው እየቀላቀሉ ለቀሙት። ከዚያ ወንዝ ወርደው አጠቡት፤ እንጆሪ እኮ ታጥቦ አያድርም። ካጠቡት በኋላ እንደ ድንች በጆንያ ሞልተው፣ ጆንያ በጆንያ ላይ ከምረው አሳደሩት። እኔ በአጥሬ ውስጥ ቆሜ አየሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

ሰኞ ዕለት የጫነው ነጅመዲን ነው። ጉርድ ሾላ ላይ ፖሊስ አስቁሞት፣

«ከሥርህ ደም ይንጠባጠባል። ምን አርደህ ነው የጫንከው?» አለው።

«ፍሬ ነው ጌታዬ» ብሎ ጣቱን ነክሮ ላሰለት።

ይህን ሲነግረኝ መጀመሪያ ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ተለወጠና «በዚህ ዘመን ደም ሲያይ ጠይቆ የሚያስቆም ፖሊስ መኖሩም ደግ ነው» አለኝ። ፍሬውን ይገዛ የነበረው ሆቴል ጆንያውን ሳያስወርድ መለሰው።

ስለ ገበያው የምልሽ ይህ ነው። ይገዙን ከነበሩት የውጭ ሰዎች የሚበዙት ሄደዋል። የቀሩት ኤምባሲዎች ጥቂት ነው የሚወስዱት፣ እሱንም ፍሬውን አንድ በአንድ አገላብጠው አይተው ነው። ሆቴሉ ከእንግዲህ ከየካ አልቀበልም ብሏል። የተረፈውን ማርማላታ እንዳይሠሩት ስኳሩ በቀበሌ ሱቅ በራሽን ነው። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤትሽ ቅርጫትና ትዕግሥት ከሌለው እንዳይጀምር ንገሪው።

ዱቤ በማግስቱ ማክሰኞ ስብሰባ ጠርቶ ጠረጴዛውን ደበደበ። «እንጆሪ በራሱ አይበሰብስም! እጅ አለበት! አሻጥር ነው!» አለ። ገበየሁን ከዚያው አስነስተው የማኅበሩ የእህል መጋዘን ውስጥ ቆለፉበት። ከነገ ወዲያ ሐሙስ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ያሳልፉታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ካንቺ ይልቅ የሚያውቁ እናቶች በዚህ ሠፈር አሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ሚስቱ ውዴ ደጄ ድረስ መጣች። ግቢ ብላት እምቢ አለችኝ።

«እትዬ፣ እሑድ ዕለት ቆመው ሲያዩ አይቼዎታለሁ።»

«ማየት ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«አልሆነም። እርስዎ ግን እንጆሪ ሲበላሽ አይተው ዝም ብለው አያውቁም። እኔን ስንቴ በአለንጋ ምላስዎ ገርፈውኛል፣ ለአንድ ፍሬ!»

በሩን ልዘጋ ያዝኩ። እሷ ግን ቀጠለች። «ትእዛዙ አርባውም መደብ ይወሰድ ነበር። ሦስቱን ያስቀረልዎ እሱ ነው፤ ገመዱን አሳጥሮ። አሁንም ‹ማንን አማከርክ?› ብለው ሲመረምሩት ‹ማንንም አልጠየቅኩም› ነው የሚለው» ብላኝ ሄደች።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህርታችን ስህተት በላጲስ ማጥፋት አትፈቅድልንም ነበር። በአንድ ቀጭን መስመር እንሰርዛለን፤ ስህተቱም እርማቱም ይነበባል። አጥፍቶ የተገኘ መዳፉን ለማስመሪያ ይሰጣል። ከላይ «ማንም አልጠየቀኝም» ባልኩት ላይ መስመር አስምሬበታለሁ፤ መለስ ብለሽ ተመልከቺው።

ቅዳሜ ሚያዝያ 20 ቀን አመሻሽ ላይ ገበየሁ ኮፍያውን አውልቆ አጥሩ ሥር ቆመ።

«እትዬ፣ ለቀማው ነገ ነው። ቅርጫት ፈልጌ አጣሁ። ዱቤ በጆንያ ይሁን ይላል። ይሆናል?»

«መሬቱ የእናንተ ነው። እናንተ ታውቃላችሁ።»

«አይቆጡኝ እትዬ። ይሆናል ወይስ አይሆንም?»

«ደህና እደር» አልኩት።

በዚያች ሰዓት ሁለት መቶ ቅርጫት ጓዳዬ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። አሁንም እዚያው ተሰቅሏል። ስድሳ ሰው ሲዘፍን የቆምኩት የገመዱን ብድር በዓይኔ ለማየት ነው። አየሁ። ደስታው ሰኞ ጠዋት አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ እሱ እኔን ለማዳን በሚዋሸው ውሸት ተሸፍኜ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ተኝቻለሁ።

ስለዚህ ወሬውን እንዲህ ብለሽ አርሚው፦ እናቴ አልከሰሰችውም፣ ተጠይቃ ዝም አለችበት።

እግዚአብሔር በምትሄጂበት ይቅደምልሽ። ለሚጠይቅሽ ሰው በሰዓቱ የምትመልሺበት ልብ ይስጥሽ። ለጥቂት ጊዜ ደብዳቤ ባይደርስሽ መንገዱ ነው በዪ።

ነገ መጀመሪያ የምሠራውን ልንገርሽ። ፀሐይ ሳትወጣ ሦስቱን መደብ አጠጣለሁ። ጤዛው ሲደርቅ የበሰለውን ከነጭራው ለቅሜ አንድ ቅርጫት እሞላለሁ። ያንኑ ያህል አጥቤ በጆንያ አሥራለሁ፤ ዱቤ በቃል ስለማያምን ጆንያው ከፊቱ ተቀምጦ ሲንጠባጠብ ይይ። የጓዳውን ቁልፍ ለውዴ እሰጣለሁ። በሁለት ሰዓት ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ገብቼ ቃሌን በራሴ እጅ እጽፋለሁ፤ ጸሐፊያቸው ፊደል ይገድፋል። ከመውጣቴ በፊት ወፍራሙን ጋቢዬን እደርባለሁ፤ የመጋዘኑ ወለል ሲሚንቶ ነው።

እናትሽ
አባይነሽ