«ደህና ነኝ» ያለው ወንድሜ እንዳይታመን ስለመጠየቅ

ለአእምሮ ጤና ችሎት ዳኛ
ሚኒያፖሊስ
ማርች 12 ቀን 2007 (እ.ኤ.አ.)

ጉዳዩ፦ የወንድሜ የመንሱር እንድሪስ ምርመራ በድጋሚ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

ክቡር ዳኛ፣

1. እኔ አመልካች የሴዳር ሪቨርሳይድ ነዋሪና የመንሱር ታላቅ እህት ነኝ። ወንድሜ ሕንፃችን ሥር የቆሙ መኪኖችን የጎን መስታወት ሰባብሮ ተከሷል። መስታወቶቹ ውስጥ ሆነው የሚከታተሉት ሰዎች እንዳሉ ያምናል። ከተሰበሩት አንዱ የእኔ ስለሆነ፣ የምጽፈው እንደ እህትም እንደ ተበዳይም ነው።

2. ጠበቃው ጉዳዩ በእስራት ፈንታ በሕክምና ወደሚታይበት ወደ እርስዎ ችሎት እንዲዛወር አመለከቱ። ሕመሙ ከባድ መሆን አለመሆኑን የሚመዝኑ ባለሙያም ቀጠሮ ሰጡት። እናታችን «መንግሥት ፊት ሊቀርብ ነው» ብላ ሸሚዙን ተኮሰች። ባለቤቴ ፈዋዝ የሠርጉን ከረባት አዋሰው። «ቀና ብለህ ተቀመጥ፣ ቤተሰብህን አታሰድብ» ተብሎ ተሸኘ። ለሕመም ምርመራ የሚሄደውን ሰው ሙሽራ አስመስለን ላክነው።

3. ባለሙያዋ «እንዴት ነህ?» አሉት። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።» እንቅልፍስ? «አልሐምዱሊላህ።» የሚያስጨንቅህ ነገር አለ? «ኧረ ምንም የለም፤ እርስዎስ ደህና ነዎት? ልጆችዎ ደህና ናቸው?» አስተርጓሚው አንድም ቃል ሳይጥሉ ተረጎሙ። ባለሙያዋም ሕመሙ ለችሎቱ የሕክምና ፕሮግራም አይበቃም ሲሉ ጻፉ፤ ጨዋነቱን ግን አመስግነዋል። እናታችን ምስጋናውን ብቻ ይዛ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች።

4. በእኛ ቤት «ደህና አይደለሁም» ብሎ የሚያውቅ ሰው የለም። አባታችን ወሎ ሳለን ከጣራ ወድቆ እግሩ ሲሰበር፣ ለተሸከሙት ሰዎች «እኔስ ደህና ነኝ፣ እናንተን አደከምኳችሁ» ይል ነበር። መንሱር የዚያው ሰው ልጅ ነው። ቤት ውስጥ ግን መስታወቱን ሁሉ በፎጣ ሸፍኗል። የሚተኛው መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ነው። እኔ ቀድሜ ካልቀመስኩለት እህል አይቀምስም። ወደ መደበኛው ችሎት ተመልሶ ቢታሰር፣ እዚያም «ደህና ነኝ» እያለ ያለ መድኃኒት እንዳይጠፋብን እፈራለሁ።

5. ስለዚህ ምርመራው እንደገና ተደርጎ እኔም አብሬው እንድቀርብ በትሕትና እጠይቃለሁ። ባለሙያዋ «እንዴት ነህ?» ማለቱን ትተው የት እንደሚተኛ፣ መስታወቱን ለምን እንደሸፈነ ቢጠይቁት እውነቱን ይነግራቸዋል። ከረባቱ ለፈዋዝ ተመልሷል።

በጠሩኝ ቀን እገኛለሁ። «እንዴት ነሽ?» ቢሉኝ «ደህና ነኝ» ማለቴ አይቀርም፤ እባክዎ አይመኑኝ።

የእርስዎንም የቤተሰብዎንም ደህንነት እየተመኘሁ፣
ከሰላምታ ጋር

ሻሂዳ እንድሪስ
(ፊርማ)