ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ነው

ረቡዕ፣ የካቲት 14 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ለልጆቼ አባት፣ ለማይቀመጠው ባለቤቴ፤

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ወሬ ላርም። እኔ በስተርጅና ብረት ማንሳት እንደጀመርኩ፣ እህልም ትቼ በቅጠል ብቻ እንደምኖር ተነግሮህ እንደደነገጥክ ልጃችን አጫውቶኛል። ወሬውን ያቀበለችው ከፎቃችን ሥር ያለችው ፀጉር ሠሪ መሆኗን ሳይነግረኝም አውቃለሁ። እሷ በጆሮዋ የገባውን ወደ አፏ ስታደርስ መንገድ ላይ አታሳድረውም። እውነቱ ይህ ነው። ብረት አላነሳሁም። ያነሳሁት ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፣ በየእጄ አንዳንድ። እህልም አልተውኩም። ለጥቂት ጊዜ ቀንሼ ነበር፤ እሱንም ቦታው ሲደርስ እነግርሃለሁ። ከመንገዱ ማዶ ወደተከፈተው ጂም መሄዴ ግን ትክክል ነው። እንግዲህ አሁን እንደምን ሰነበትክ?

ይህን በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። አንተ ግን ነገር ሲከብድህ "እሺ፣ እሺ" ትልና ስልኩን ለልጅህ ታቀብላለህ። ወረቀቱን ለማን ታቀብለው ይሆን? ደግሞም ሚስትህ ዕድሜዋን በሙሉ ስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ የሰው ድምፅ ስታገናኝ የኖረች መሆኗን አትርሳ። ባለፈው እሑድ ስትደውል "ተጋድሜ ነው የማወራሽ" አልከኝ። የተጋደመ ሰው እንደዚያ አይተነፍስም። በልጃችን ሰፈር ያለውን ዳገት ወጥተህ አናቱ ላይ ቆመህ ነበር።

የቀረውን ልጃችን ነገረኝ። ሐኪሙ የልብህን ደም ሥር ከከፈተልህ በኋላ ያዘዘህ ሜዳ ሜዳውን እንድትራመድ፣ ጥቂት ጥቂት እያልክ ቶሎ ቶሎ እንድትበላ፣ ከሰዓት በኋላም ጋደም እንድትል ነው። አንተ ጠዋትና ማታ ዳገት ትወጣለህ። ጨው የለውም ብለህ ምሳህን በጠረጴዛው ሥር ለምራታችን ድመት ታቀብላለህ። ድመቷ አሁን ሶፋው ላይ መውጣት አቅቷታል አሉ። እግርህ አበጠ፣ እንደገና አልጋ ያዝክ፣ ሐኪሙም ወደ ቤትህ የምትመለስበትን ቀን ገፋው። ሲቆጡህ የመለስከውንም ሰምቻለሁ፦ "እሷ እኮ ብቻዋን ናት። ቶሎ ልዳንና ልሂድላት።" ይህን ስሰማ ወጥ ቤት ገብቼ ያልቆሸሸ ድስት አጠብኩ።

ስለዚህ አሁን የእኔን ጉድ ስማ።

አንተ ለሕክምና ልጃችን ዘንድ ከሄድክ በኋላ ለአንድ ሰው ማብሰል አስጠላኝ። ዳቦና ሻይ ቆሜ እየበላሁ ማደር ጀመርኩ። ጂሙ የተከፈተው ያኔ ነው። ጠዋት ጠዋት ሙዚቃው የመስኮታችንን መስታወት ያንቀጠቅጠዋል። አንድ ቀን ጫማዬን አጠለቅኩና ልቆጣቸው ወረድኩ። የሚያሠራው ልጅ ወጣ። ትከሻው በሩን ሞልቶት ስለነበር ያን ቀን በልቤ ቁምሳጥን አልኩት፣ እስከ ዛሬም ሌላ ስም አላወጣሁለትም። ሙዚቃውን ወዲያው ቀንሶ ወንበር አቀረበልኝ። ቁጣዬን ስጨርስ ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ ተክዬ "እህ" ብዬ ልነሳ ስል፣ እስቲ እማማ እጅዎን አጣጥፈው ይነሱ አለኝ። እንደ ክፍል ተማሪ እጄን አጣጥፌ ሞከርኩ። አልተነሳሁም። ደገምኩት፤ ወንበሩ አብሮኝ ሊነሳ ምንም አልቀረው። በማግስቱ ተመዘገብኩ።

አንድ ቀን ሠርቼ አንድ ቀን እንዳርፍ አዘዘኝ። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ። እኔ የተማርኩት ሳል እንኳ ያለ ፈቃድ በማይሳልበት ትምህርት ቤት ነው፣ እዚያ ቀሪ ማለት ሰነፍ ማለት ነበር። ስለዚህ በዕረፍት ቀኔም ሄድኩ። እሱ ሌሎቹን ሲያሠራ ጥግ ይዤ ለብቻዬ እሠራለሁ። በዚያ ላይ እዚያ ያሉት ወጣት ሴቶች ስለ ምግብ የሚያወሩት እንደ ወንጀል ነው፤ ዳቦ የበላች ለጓደኛዋ በሹክሹክታ ትናዘዛለች። ከእነሱ ላለማነስ እራቴን ተውኩ። ማንም ያላዘዘኝን ቅጣት ቀጥቼ ራሴን ጎበዝ አልኩ።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ በዕረፍት ቀኔ፣ በባዶ ሆዴ ጠርሙሶቼን ከፍ እንዳደረግኩ ዓይኔ ጨለመ። ወደቀች ብለው ነግረውህ ከሆነ ይህም ይታረም። አልወደቅኩም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ቀሚሴን አስተካክዬ። ቁምሳጥኑ ለራሱ ቁርስ ያመጣውን የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ ይዞ ፊት ለፊቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለና እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"እማማ፣ ጉልበት የሚገኘው እዚህ ይመስልዎታል?" አለኝ።

"ታዲያ የት ሊገኝ ነው?"

"ቤትዎ ነዋ። እዚህ ሰውነትን እናደክመዋለን እንጂ አናበረታውም። የሚበረታው በልተው ሲተኙ ነው። እርስዎ ሥራውን እየሠሩ ደሞዙን ይነጥቁታል።"

በዕድሜዬ ከትምህርት ቀርቼ እንደማላውቅ ነገርኩት። እንግዲያው ዕረፍቱም ትምህርት ነው፣ ከእሱ እየቀሩ ነው አለኝ። ላምነው ስላልፈለግኩ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኔ ለፈተና ያህል ሄድኩ። በሩ ላይ ቆመ። እሱ በር ላይ ከቆመ እንኳን ሰው ነፋስ አያልፍም። ፀጉር ሠሪዋ ይህን ሁሉ ከሱቋ እያየች ኖሮ፣ ስመለስ "እትዬ፣ ተባረሩ እንዴ?" አለችኝ። ዕረፍት ታዞልኝ ነው አልኳት። ለእኔም እንዲያዝልኝ ይለምኑልኝ ብላ ሳቀች።

ተናድጄ ቤቴ ገባሁ፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ በቀን ተኛሁ። ስነቃ እንደ ልጅነቴ ራበኝ። ድንችና ካሮት ከትፌ ሾርባ ሠራሁ፣ እንቁላል ጠበስኩ፣ ጠረጴዛውን አልብሼ ተቀምጬ በላሁ። ከዚያ ወዲህ በየዕለቱ እንዲሁ ነው። ሰነባብቶ አንድ ጠዋት እጄን እንዳጣጠፍኩ ከወንበሩ ብድግ አልኩ። ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ክፍል ውስጥ ማጨብጨብ ነውር እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ልቤ ግን እየጨፈረ ነበር።

አሁን ቀለል ብሎኛል። ጉንፋን ይዞኝ የቀረሁበትን ሳምንት ልክፈል ብዬ እጥፍ አልሠራሁም። በፀጉር ሠሪዋ ልጅ ልደት ዕለት ኬክ ስበላ፣ ከጂሙ ወጣቶች አንዷ ይህን ለማጥፋት ስንት ሰዓት ሊራመዱ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ኬክ በላጲስ የሚጠፋ ስህተት ነው ወይ አልኳት። ትንሽ አሰበችና እሷም ቆርሳ በላች።

አንተ ደግሞ አናጢ ነህ። ሙጫ የቀባኸውን ወንበር ሳይደርቅ የነካሁ ዕለት ምን እንዳልከኝ አልረሳሁም፤ ለልጆቻችን ጆሮ ስለማይመች እዚህ አልጽፈውም። ልብህ ገና ያልደረቀ ወንበር ነው። ሜዳውን ተራመድ፣ ሲደክምህ ሳይሆን ከመድከምህ በፊት ተመለስ። ምራታችን ሾርባው ላይ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ትጨምርልህ፣ የጨውን ነገር ትረሳዋለህ። ተኛ ሲሉህ ተኛ። የተኛ ሰው ምንም አልሠራም ያለህ ማን ነው?

ይህን ሁሉ ጽፌ መልሼ ሳነበው ግን አላረካኝም። ነጥቡም ሰረዙም በቦታው ነው፣ አንተ ግን ነገ ተነስተህ ዳገቱን ትወጣለህ። የምትወጣው እኔ እዚህ ስላለሁ ነው። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልጋው ላይ እስከ ዛሬ የምተኛው በራሴ በኩል ብቻ ነው። ያንተ ትራስ እንደተቀመጠ አለ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ቁምሳጥኑን ረጅም የአውቶቡስ መንገድ ይጎዳኝ እንደሆነ ጠየቅኩት። በቆመ ቁጥር ወርደው እግርዎን ያፍታቱ እንጂ ምንም አይሆኑም አለኝ። መቼ ይመለሳሉ ሲለኝ እሱን የሚያውቀው የባለቤቴ ሐኪም ነው አልኩት። የምትቸኩልላት ሴት አጠገብህ ከተቀመጠች ወዴት ትቸኩላለህ?

እስክንገናኝ ፈጣሪ የእግርህን እብጠት ያርግብልህ፣ ለልብህ ዝግታን፣ ለዓይንህ እንቅልፍን ይስጥልኝ። ለልጃችንና ለምራታችን ስላንተ ባዩት መከራ ፋንታ ዕድሜ ይጨምርላቸው። ድመቷንም ወደ ቀድሞ ቁመናዋ ይመልስልን።

ነገ ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ ሥራዬ ጥቂት ነው። መጀመሪያ ፀሐይ መስኮቱ ላይ እስክትደርስ እተኛለሁ። ቀጥሎ ቁርሴን ተቀምጬ እበላለሁ፣ እንቁላል ከነዳቦው። ከዚያ የቤቱን ቁልፍ ለፀጉር ሠሪዋ አደራ እሰጣለሁ። ከዚያ በመንገዴ ባገኘሁት አግዳሚ ሁሉ እያረፍኩ አውቶቡስ ጣቢያ እሄድና ትኬት እቆርጣለሁ፣ የመሄጃውን ብቻ። የመመለሻውን አንተ ስትድን ጎን ለጎን እንቆርጠዋለን።

ሚስትህ