ላባ የሆነው ምላጭ

ሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ማታ 12 ሰ.

ዛሬም በሐይቁ ዳር መጣሁ። ከኮሌጁ የኋላ በር፣ በደንገሉ ጥግ፣ ቀጥታ ቤት። በአንድ ወገን ውኃ ነው፤ ከውኃ ሰው አይመጣብኝም። ሽጉጡ ወገቤ ላይ ተሸጉጧል፣ ማኅደር የለው፣ ምን የለው፤ ጃኬት በላዩ። በዚህ ሙቀት ጃኬት ምንድን ነው እያሉ ላብራቶሪ ውስጥ ይስቁብኛል። ብርድ ይዞኛል አልሁ። ላቤ እየተንጠባጠበ!

ደብተሬ፣ ለአንተ ልዋሽ አልችልም። ፈንታ የሚባለው ወንድሜ በእርሻ ድንበር ጠብ አዳሙ የሚባል ሰው ገደለ። እሱ እስር ቤት ገባ፣ ደሙ ወደኔ ዞረ። የሟች ወንድም እንየው ባ/ዳር ታይቷል አሉ። ሽማግሌዎች ዕርቅ ይዘዋል፤ እስኪያልቅ ድረስ ሁለታችንም መሣሪያ ላንታጠቅ መስቀል ስመናል። የታጠቀ ዕርቁን አፈረሰ። ሳምሁ። በሳምንቱ ታጠቅሁ። ፈሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

የሽጉጡ ምላጭ ከባድ ነው፤ ስስበው ጣቴ ይዝላል። ባዶነቱን ደጋግሜ አይቼ፣ አፈሙዙን ወደ ጣሪያ አቁሜ፣ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን በሲባጎ ምላጩ ላይ አንጠለጠልሁ። ውኃ ጨመርሁ፣ ጨመርሁ። ከግማሽ አለፍ ሲል ቀጭ አለ። የላብራቶሪ ሰው ሲፈራም ይለካል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

አጎቴ አያ ላቀው መጡ። ምላጩ ካልቀለለ ሽጉጥ አይባልም ይላሉ። "ደመኛህ ጣትህ እስኪጠና አይቆይህም፣ አንተው!" ሚስቴ ትርንጎ ደግሞ ተቆጣች። ክብደቱ ይሻላል፤ ሐሳብህን እስክትቀይር ፋታ ይሰጥሃል ባይ ናት። ሁለቱም እውነት አላቸው፣ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ከከበደ እሞታለሁ። ከቀለለ ያልፈለግሁትን ሰው እገድላለሁ። አያ ላ. ሲወጡ ት. ሳህን እያንኳኳች አጠበች። ነገ ከቅዳሴ መልስ ለሽጉጥ ጠጋኝ እሰጠዋለሁ፤ መካከለኛ ያድርግልኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፤ ሚካኤል

ሽጉጡን ይዤ ቤተ ክርስቲያን አልገባ፣ ያለ እሱ ከቤት አልወጣ። ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ አስቀደስሁ። ውጭ የሚቆመው ንጹሕ ያልሆነ ነው፤ ጎረቤቶቻችን እኔን አዩ፣ ት.ን አዩ፣ ተጠቃቀሱ። ፊቷ ቀላ። ትንሽ ቀርቶኝ ነበር ልስቅ።

ከዚያ ታቦቱ ወጣ። አገር ምድሩ ሰገደ። እኔ ቆምሁ። ብጎነበስ ጃኬቱ ይገለጣል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እንደ ግንድ ቆሜ ቀረሁ። ታቦት ሲያልፍ ቆሜ አላውቅም። ቤት ገብቼ ምሳ እምቢ አለኝ።

ሽጉጡን ከሰዓት ለጠጋኙ ሰጠሁት። እስኪመልስልኝ ከቤት አልወጣም፤ ታመምሁ ብዬ ለኮሌጁ ደውያለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

አያ ላ. ሄደው ተቀበሉልኝ። መካከለኛ ብዬ ነበር፤ ጠጋኙ ግን ሞላውን ቀይሮ፣ ሞርዶ ሞርዶ፣ "ላባ አደረግሁለት" ብሎ ልኮልኛል። እጁን እንድስም ነው መሰለኝ የሚጠብቀው።

ለካሁ። የአንድ ሊትር ሃይላንድ እንኳ ሳትሞላ ቀጭ! ት. ይህን አይታ ወንበሯን ከሽጉጡ ወደ ማዶ ሳበች። በታጠቅህበት ጎን አልቀመጥም አለች። አያ ላ. ደስ አላቸው። እኔም፣ ምን ልደብቅህ፣ ደስ አለኝ። ጣቴ ጎበዝ የሆነ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቼ ወገቤ ላይ ሻጥሁት፣ ወዲያው መልሼ አወጣሁት። ወገብ ላይ የሚውል ነገር እንዲህ አይቀልም። ሰኞ ወስጄ መልሰው እለዋለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16፤ ከቀኑ 11 ሰ.

ጽሑፌን ታገሠኝ፣ በችኮላ ነው የምጽፈው።

ጠጋኙ ዘግቷል። ሽጉጡን ከነጥይቱ እንደያዝሁት በሐይቁ ዳር ተመለስሁ። ከኋላዬ ስሜን ጠሩኝ። ዞርሁ። እንየው። ሳላስበው እጄ ጃኬቱ ሥር ገባ፣ ጣቴ ምላጩ ላይ አረፈ።

እሱ ባለበት ቆመ። ጋቢውን በሁለት እጁ ከፈተልኝ። ወገቡ ባዶ። ኪሱን ገለበጠ፣ ባዶ። "እናቴ ዕርቁን ተቀብላለች፤ ከሽማግሌ አፍ ከመስማትህ በፊት እኔው ልንገርህ ብዬ ነው" አለ። እጁን ዘረጋ።

ልጨብጠው ፈለግሁ። እግዚአብሔር ያውቃል ፈለግሁ! ግን ጣቴን ማንቀሳቀስ አልቻልሁም። ትንሽ ብትነቃነቅ ይተኩሳል፤ ወይ ጭኔን፣ ወይ እሱን። ጎኔ ውኃ፣ ፊቴ እሱ፣ እጄ ጃኬቴ ውስጥ ታስሯል። ጠብቅ፣ ክፉ አስቤ አይደለም፣ ብል ምን ነበረበት?

እጁ ተዘርግቶ ቆየ። ከዚያ ጃኬቴን አየ። ገባው፤ ግን የገባው ሌላ ነው። ጋቢውን መልሶ ደረበ። "እኔ ባዶ እጄን ነበር የመጣሁት" አለና ሄደ።

ከዓይኔ ሲጠፋ በግራ እጄ የቀኝ ጣቴን ይዤ ቀስ አድርጌ አወጣኋት። ደንገሉ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17፤ ጧት

ሁሉንም ለት. ነገርኋት። የሽጉጡን ፈቃድ ከሳጥን አወጣች። አያ ላ. ግን ዛሬውኑ እንፍራንዝ ዘመድ ቤት ግባ፣ ከጠየቁህም ስልክ ነበር የያዝሁት በል ይላሉ። እንየው ለሽማግሌዎቹ ይናገራል። ወይም አይናገርም፤ ዝም ካለ የባሰ ነው።

ወስኛለሁ። የሽማግሌዎቹ ዋና መሪጌታ ይኄይስ ናቸው። ቀድሜ እሳቸው ዘንድ ሄጄ መሐላዬን እንዳፈረስሁ በራሴ አፍ እናገራለሁ። ዕርቁን ያፍርሱት፣ ካሳ ይቁረጡብኝ፣ እሳቸው ያውቃሉ። ጥይቱን አውጥቻለሁ፤ ሽጉጡን ት. ከነፈቃዱ ፖሊስ ጣቢያ ታስረክበዋለች።

በደንገሉ በኩል አልሄድም። በዋናው አስፋልት፣ ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከትቼ፣ ያለ ጃኬት። አያ ላ. በር ላይ ቆመው ሞኝ ይሉኛል። መሪጌታ ጋ ሳልደርስ እንየው ካገኘኝ ምንም የምመክትበት የለኝም። ፈርቻለሁ። ወጣሁ።